ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት

ጉሙ ከጣርማበር ወርዶ ደብረ ሲናን ሲሞላት በጠዋት
ጋሽ ወልደጻድቅ በአጥሩ ቀዳዳ፣ «ባቄላ አለች፤ ቅመሻት።
መጀመሪያ ጥርስ ትፈትናለች፤ እሱን ታገሺና እለፊ፤
መሃሏ ላይ ስትደርሺ ግን ጋዝ ጨምሪ፣ አታንቀላፊ።»

ባቄላ ልብወለድ ነው። ሽምብራ ታሪክ ነበር።
ሱፍ ግጥም፦ ልጣጩ ብዙ፣ ለእፍኝ ፍሬ የሚያስቸግር።
ቀበሌ በነጻ የሚያድለን፣ ሽፋኑ ቀይ የሆነው፣
ስም አላወጣንለትም፤ ማን ለማን ሊመክረው?

የተከለከለው ዝርዝር በየትም በር አልተለጠፈ፤
ማወቁ ራሱ ክልክል ነው፤ የጠየቀ ስሙ ተጻፈ።
ስለዚህ ተመካከርን በቆሎ ስም፣ አንጋጠን ወደ ሰማይ፣
ዝናብ የምንገምት መስለን፣ ዐይን ለዐይን ሳንተያይ።

ድሬሰር እንግዳወርቅ ሲመልስ፣ «መጨረሻው አሯል» ካለ
ያን መጽሐፍ ሰፈሩ ሁሉ ለወር ሳይነካው ዋለ።
የፖስታ ቤቷ ሸዋረገድ ግን፣ «እኔ ያረረ እወዳለሁ፤
ያረረው ነው ቆሎው የሚሸተው፤ አስቀምጪልኝ፣ ማታ እወስዳለሁ።»

የሚሻገረው በእትዬ ይርገዱ ቁና ነው፤
ከሥር መጽሐፉ፣ ከላይ ገብስ፣ ትኩስ፣ ገና ያልበረደው።
ጓድ ጥላዬ፣ አብዮት ጠባቂው፣ ጠመንጃውን አንግቦ
በየጠዋቱ ይዘግናል፣ እንደ ግብሩ ቆጥሮት፣ ቀርቦ።
አንድ ቀን ጣቱ ጠለቀ።
ቆመ።
ዘገነ።
ቆረጠመና ሄደ።
ጣቱ ምን እንደነገረው እስከ ዛሬ አልታወቀ።

ያች ባቄላ ታዲያ፣ ሽፋን የላት፣ ስም የላት፤
ከገጽ ዘጠኝ ትጀምራለች፣ ፊት ፊቷን አይጥ በልቶባት።
ጉድጓድ ቆፋሪ ነው ሰውየው። ውኃ ፍለጋ ወርዷል።
ሚስቱ ከአፋፍ ገመድ ይዛለች፤ መዳፏ ደምቷል፣ ተልጧል።
ገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ገመዱ ክር በክር ሲላላ
አለቀ። ከዚያ ወዲያ የጥራዝ ክር እንጂ ወረቀት የለም ሌላ።

በዚህ ሰፈር ተጣላ። እትዬ ይርገዱ፣ «ሞቷል» አሉ፤
«ገመድ እኔን ጠይቁኝ፤ የላላ አይጠብቅም» እያሉ።
ጋሽ ወልደጻድቅ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው፣ ክር ነክሰው፣
«ሙሉውን አንብቤዋለሁ። ይወጣል» አሉን፣ «ሰውየው።
ጋቢዋን ተርትራ፣ ገምዳ ጨመረችበት፤
ውኃም ይዞ ነው የወጣው፣ በቅል፣ ጭቃ የሚሸትበት።»

በሳምንቱ ሐሙስ ወሰዷቸው። ለምን እንደሆነ አልተነገረ።
አንድ እጅጌ የጎደለው ኮት መኪናው ላይ እንደተሰካ አደረ፣
ሌላም አደረ፣
ከረመ።
እኛ ባጥሩ ስንገናኝ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን
«ይወጣል» እንባባል ነበር፤ ስለ ጉድጓዱ ነው፣ ቢጠይቁን።

መንግሥት ሄደ፣ መንግሥት መጣ። ደብረ ብርሃን፣ በቅዳሜ ገበያ፣
ከአሮጌ ጫማ ጋር አገኘኋት፣ ከነሽፋኗ፣ ለሽያጭ ማሟያ።
እዚያው ቆሜ፣ ብርዱ ጣቴን እየቆረጠው፣ ገለጥኩ።
ገመዱ ተበጥሷል።
ሃያ ስምንት ገጽ ሙሉ ሴትዮዋ ትጠራዋለች፤
ጉድጓዱ ድምፅዋን ይመልስላታል። በመጨረሻው ትሄዳለች።

የኛን አሮጊት ጥራዝ ከሣጥን አወጣሁ ማታ፤
የጎደለችበትን ጠርዝ ዳሰስኩ በጣቴ፣ በእርጋታ።
አይጥ አይደለም። በእጅም አልተቀደደ።
ቀጥ ያለ ነው፣ ልክ እንደ ኮሌታ፤
የልብስ ሰፊ መቀስ ነው።

ውሸታም።

ትናንት የጎረቤቴ ልጅ ጸዳለ፣ ስልኳን ቤቷ ትታ፣
«የሚነበብ ነገር ይኖርሻል?» አለችኝ፣ ወዲያ ወዲህ አይታ።
«ባቄላ አለች» አልኳት። «ጥርስ ትፈትናለች፤ ታገሻት።
መጨረሻዋ የለም። እኔ ግን አንብቤዋለሁ። ይወጣል።»

አሥራ አራቱን ቅጠል ለእትዬ ይርገዱ ልጅ ሰጠኋት፤
ጠቅልላ፣ ገብስ ሞልታ፣
ለደሴ መንገደኛ በአውቶቡሱ መስኮት ስታቀብለው አየኋት።